የመኪና ንዝረትና ድምፅ ምንጩን መለየት፦ የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ እንደ መመርመሪያ

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አሽከርካሪ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ላይ ለመኪና ምርመራ የሚያስፈልጉ ሁኔታዎችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያገኛል። ጠዋት በብርድ የሚነሣ ሞተር አለ፤ በከተማው ውስጥ ኮብልስቶን አለ፤ ከዚያም ፍሬን የሚያሞቅ ረጅም ቁልቁለት፣ የመኪናውን ክብደት አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ የሚጥል ጠመዝማዛ፣ ከታች ደግሞ አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞ የሚነዳበት ሜዳ ይከተላል። ሲመለስ ያው መንገድ ሞተሩንና ኃይል አስተላላፊውን የሚፈትን ዳገት ይሆናል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 650 ሜትር ያህል ነው። መኪናው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ወይም ለምን እንደሚጮኽ ያልታወቀለት ሰው ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ይህንን መንገድ በጥንቃቄና በትኩረት አንድ ጊዜ ወርዶ ቢወጣው፣ ከግማሽ በላይ የሆነውን የምርመራ ሥራ ራሱ ሊጨርሰው ይችላል።

ከመኪና ችግሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ በግምት የሚታከሙት ንዝረትና ድምፅ ናቸው። ባለመኪናው «ይንቀጠቀጣል» ብሎ ይናገራል፤ መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ይወዘውዛል፤ ጥቂት ያረጀ የመሰለ ዕቃ ይገኝና «ይህ ይቀየርና እንየው» ይባላል። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ፤ ይገጠማል፤ ንዝረቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ከዚያ ደግሞ የሁለተኛው ዕቃ ተራ ይደርሳል። በእኔ እምነት ለዚህ ኪሳራ ዋናው ምክንያት ጥያቄው ከመነሻው መሳሳቱ ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ከመጠየቅ በፊት፣ ንዝረቱ ከምን ጋር አብሮ እንደሚጨምርና ከምን ጋር አብሮ እንደሚቀንስ መታወቅ አለበት። ከጎማው ዙር ጋር ነው? ከሞተሩ ዙር ጋር ነው? ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው? ጋዝ ሲሰጥ ብቻ ነው? ወይስ መንገዱ ሲጎረብጥ? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ የሚቀየር ዕቃ ሁሉ ዕጣ እንደማውጣት ነው።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ሥራው የሚከብድበት ምክንያት አለ። አካላቸው ክብደት ለመቀነስ ሲባል በስስ ብረት የተሠራ በመሆኑ ትንሽ ንዝረት ሰፊ ቦታ ላይ ይሰራጫል፤ ጎማቸው ጎኑ አጭር ስለሆነ የመንገዱን ጉድለት አያለዝብም፤ የውስጥ ክፍላቸው ጸጥ ያለ በመሆኑ ደግሞ በአሮጌው መኪና ውስጥ ከሌላው ጫጫታ ጋር ተደባልቆ ይጠፋ የነበረው ድምፅ አሁን ለብቻው ይሰማል። በተጨማሪም ብዙ ባለመኪናዎች ኮምፒውተር የማያየው ብልሽት ያለ አይመስላቸውም። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ፣ ስካነሩ፣ የሚያሳየው ሴንሰር ያለበትን ነገር ብቻ ነው። የተዛባ ጎማ፣ ያለቀ ኩሽኔታ (የሚዞረውን ክፍል የሚሸከመው ዕቃ) ወይም የተቀደደ የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ) ብዙውን ጊዜ በዳሽቦርድ ላይ ምንም መብራት አያበራም፤ ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ምንም አላሳየም» ማለት መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በመኪና ውስጥ የሚዞሩ ክፍሎች ብዙ ቢሆኑም፣ በፍጥነታቸው በሦስት ቡድኖች ይመደባሉ። የመጀመሪያው ቡድን ከጎማው ጋር እኩል የሚዞረው ነው፤ ጎማው ራሱ፣ ቸርኬው፣ የፍሬን ዲስኩና ጎማውን የሚሸከመው ኩሽኔታ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ቡድን ሞተሩን ተከትሎ የሚዞረው ሲሆን፣ ክራንክ ሻፍቱን፣ ፍሪሲዮኑንና በቺንጋ የሚነዱትን መሣሪያዎች ይይዛል። ሦስተኛው ቡድን በፒክአፕና በመሰል መኪኖች ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚዘረጋው ረጅም ዘንግ ነው፤ ይህ ዘንግ በዲፈረንሻሉ (ዙሩን ወደ ጎማዎቹ በሚያከፋፍለው የጥርስ ሣጥን) ጥርሶች ብዛት ምክንያት ጎማው አንዴ ሲዞር እሱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይዞራል።

ቁጥሩ ቀላል ነው፤ ቢያዝም ይጠቅማል። በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገጠም 205/55 ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ያህል ነው። መኪናው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሰከንድ 20 ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ጎማው በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በ108 ኪሎ ሜትር ደግሞ 15 ጊዜ ይዞራል። በአንጻሩ ሞተሩ በደቂቃ 2400 ዙር ላይ ሲሆን በሰከንድ 40 ጊዜ ይዞራል፤ አራት ፒስቶን ያለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚያቃጥል በሰከንድ 80 ምት ይሰጣል። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመታ ነገር በእጅና በወንበር ላይ እንደ መወዛወዝ ይታወቃል፤ በሰከንድ 80 ጊዜ የሚመታው ግን እንደ ጉምጉምታ በጆሮ ይሰማል። ስለዚህ ገና ከስሜቱ፣ ማለትም የሚንቀጠቀጥ ነው ወይስ የሚያጉመተምት ከሚለው፣ የመጀመሪያው ፍንጭ ይገኛል።

ቡድኑን ለመለየት የሚደረገው ሙከራ መሣሪያ አይፈልግም። ከኮምቦልቻ ወጥቶ ወደ ሐርቡ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ፣ መንገዱ ነፃ ሲሆንና ሕጉ በሚፈቅደው ፍጥነት፣ ንዝረቱ የሚመጣበትን ፍጥነት መያዝ ነው። ከዚያ ያንኑ ፍጥነት ሳይለቁ ማርሹን አንድ ዝቅ ማድረግ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪናም ማርሽ በእጅ የሚመረጥበት ቦታ ካለው በዚያ መጠቀም ይቻላል። የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ ንዝረቱ ምንም ካልተለወጠ፣ ሞተሩ ከደሙ ነፃ ነው፤ የሚፈለገው ከጎማው ጋር በሚዞሩት ክፍሎች፣ በፒክአፕ ደግሞ በረጅሙ ዘንግም ነው። ንዝረቱ ከሞተሩ ዙር ጋር ከተለወጠ ደግሞ ጎማ ባላንስ በማስደረግ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን እኩል በማስደረግ) የሚጠፋ ጊዜና ገንዘብ አያስፈልግም። ሁለተኛው ሙከራ መኪናውን አቁሞ፣ ካምቢዮውን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ ሞተሩን ንዝረቱ ወደሚመጣበት ዙር ማድረስ ነው። ቆሞ የሚንቀጠቀጥ መኪና ችግሩ ጎማ ላይ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው፣ በሜዳው ላይ ማርሹን ለአፍታ ዜሮ አድርጎ መኪናው በራሱ ግፊት ሲንሸራተት ማዳመጥ ነው። ይህንን ሦስተኛውን ሙከራ በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ማንም ሰው እንዳይሞክረው አጥብቄ አሳስባለሁ፤ በቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ ማድረግ መኪናውን በፍሬን ብቻ ማንጠልጠል ነው፣ የዚያ መንገድ ጠርዝ ደግሞ ስሕተትን አይምርም።

ከጎማ ጋር የሚዞር ነገር ነው ከተባለ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ባላንስ ነው፤ ትክክልም ነው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ የ20 ግራም ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በሰዓት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 30 ኒውተን ገደማ የሆነ ኃይል ይፈጥራል፤ ይህም የ3 ኪሎ ግራም ዕቃ ያህል ክብደት ማለት ነው። ያ ክብደት በሰከንድ 14 ጊዜ ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች ይጎትተዋል። ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ምንም የማይታወቅ ጉድለት በ100 መሪውን ያርገፈግፋል። ንዝረቱ በመሪው ላይ ከተሰማ ብዙ ጊዜ ምንጩ የፊት ጎማ ነው፤ በወንበርና በወለል ከተሰማ የኋላው ነው። ንዝረቱ በአንድ የፍጥነት ክልል ውስጥ፣ ለምሳሌ ከ85 እስከ 105 ባለው ብቻ፣ ብቅ ብሎ ከዚያ በላይ የሚቀንስ ከሆነም ግራ ሊያጋባ አይገባም፤ የጎማው ምት ከመኪናው ሞላና አካል ተፈጥሯዊ መወዛወዝ ጋር የሚገጣጠምበት ፍጥነት ስላለ ነው። ዥዋዥዌን በልኩ ጊዜ የሚገፋ ልጅ በትንሽ ጉልበት ከፍ እንደሚያደርገው ዓይነት ነው።

ባላንስ ተደርጎ ንዝረቱ ካልጠፋ ግን ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም ወደ ውድ ዕቃ ይሻገራል። እኔም ይህ ደርሶብኛል። የአራት ዓመት ዕድሜ ያለው መኪና ገዝቼ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በ90 ኪሎ ሜትር መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ባላንስ ተደረገ፤ ማሽኑም ሁለቱንም ጊዜ ዜሮ አሳየ። ቀጥሎ አንድ ጋራዥ የመሪ ክንድ ጫፎቹን ቀየረልኝ፤ ከዚያም የሞተር ጎሚኒ እንድቀይር ተነገረኝ። በመጨረሻ ጎማውን ያወለቀ አንድ ጎሚስታ የቸርኬው መሐል ቀዳዳ ከሚቀመጥበት የብረት አንገት እንደሚሰፋ በጣቱ ነክቶ አሳየኝ። ቸርኬዎቹ የፋብሪካ አልነበሩም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ለውበት ሲል ያስገጠማቸው ነበሩ። የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን በራሱ ሾጣጣ ብረት መሐል ለመሐል ስለሚይዘው ምንም ጉድለት አያይም፤ መኪናው ላይ ሲታሰር ግን ከመሐሉ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢዛነፍ ሙሉው ጎማ እየተንከባለለ ይዘልላል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ገብቶበት ጉዳዩ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ከዚያ ወዲህ «ባላንስ ተደርጓል» የሚለው ቃል ለእኔ የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ሆኖ አያውቅም።

ማሽን የማያየው ሌላም አለ። ጎማ ክብደቱ እኩል ሆኖ ቅርጹ ክብ ላይሆን ይችላል፤ ወይም በውስጡ ያለው የሽቦ መቀነት በአንድ በኩል ተላቅቆ ጎኑ ሊያብጥ ይችላል። ይህንን ለማየት መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ አንድ እርሳስ ከጎማው ፊት ጥቂት አርቆ በድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ጎማውን በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር ይበቃል፤ በእርሳሱና በጎማው መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ በዓይን ይታያል። የጎማው ዕድሜም በጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ከመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 3521 ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። የዳዶ አጠባበቅም ትንሽ ነገር አይደለም። በአየር መሣሪያ እንደተገኘ የሚጠበቅ ዳዶ ቸርኬውንም የፍሬን ዲስኩንም ያዛንፋል፤ በብዙ አነስተኛ የቶዮታ መኪኖች የታዘዘው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ አጠባበቁም በተከታታይ ሳይሆን በተቃራኒ እየተሻገሩ ነው። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደተነዳ ዳዶውን መልሶ መፈተሽ ይገባል።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ንዝረት ለብቻው የሚታይ ነው፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ምክንያቱን መንገዱ ራሱ ይነግረናል። ከደሴ ሲወርድ እግሩን ከፍሬን ፔዳል ላይ ሳያነሣ በስሱ እየረገጠ የሚሄድ አሽከርካሪ ዲስኩን በጣም ያግለዋል። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ደርሶ ሲቆም ፔዳሉን አጥብቆ ይይዛል፤ በዚያን ጊዜ የፍሬን ሸራው በጋለው ዲስክ ላይ በአንድ ቦታ ተጭኖ ስለሚቀር ከራሱ ላይ ስስ ሽፋን ያትምበታል። ያ ቦታ ከሌላው የተለየ ይሆናል፤ በሚቀጥሉት ሳምንታትም እኩል ስለማይበላ የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሰው «ዲስኩ ጠመመ» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ይህ የውፍረት ልዩነት ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆንም እግር ላይ ይታወቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፔዳሉ ይመታል፣ ምቱም መኪናው ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር እየዘገየ ይሄዳል። በድንገተኛ ፍሬን ወይም በሚያዳልጥ መንገድ ላይ ብቻ የሚመጣው ፈጣን ርግብግቢት ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት ሥራውን ሲሠራ ነው።

መፍትሔውም ከአነዳዱ ይጀምራል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ይያዝ፤ ፍሬኑ ሲያስፈልግ ጠበቅ ተደርጎ ይረገጥና ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ፤ ከታች ሲደረስ ሳይቆሙ ጥቂት ተነድቶ ዲስኩ ነፋስ ያግኝ። ዲስኩ አንዴ ከተበላሸ በማሽን መላጨት ወይም መቀየር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አዲሱ ዲስክ ከመግባቱ በፊት የሚቀመጥበት ቦታ ከዝገት ካልጸዳ ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ንዝረት ተመልሶ ይመጣል። ይህ ጽዳት ብዙ ጊዜ የሚዘለለው አሥር ደቂቃ ስለሚወስድ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሁምታ፣ ማለትም ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚያድግ «ኡ...» የሚል ድምፅ፣ ባለመኪናን ከሁሉ በላይ የሚያሳስት ነው፤ ምክንያቱም ያለቀ ኩሽኔታና ያለ እኩልነት የተበላ ጎማ የሚሰጡት ድምፅ እጅግ ይመሳሰላል። እዚህ ላይ የሐረጎ ጠመዝማዛ ይረዳናል። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማዎች ይሄዳል። በቀኝ መታጠፊያ ላይ ድምፁ ከጨመረና በግራ መታጠፊያ ላይ ከቀነሰ፣ የግራው ኩሽኔታ ሊጠረጠር ይገባል፤ ተቃራኒው ከሆነም ተቃራኒው። ድምፁ በመታጠፊያ ላይ ሳይለወጥ አስፋልቱ ሲቀየር፣ ከሸካራው ወደ ለስላሳው ሲታለፍ፣ የሚለወጥ ከሆነ ግን ወደ ጎማው ነው የሚያመለክተው። በጎማው ላይ መዳፍን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ማንሸራተት ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጭር ከሆነ ተገኝቷል። ሌላው ማረጋገጫ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዛወር ነው፤ ድምፁ አብሮ ከተዛወረ ኩሽኔታ መግዛት አያስፈልግም። ጎማውን እንደ መጋዝ ያስበላው ደግሞ የተዛባ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ወይም የደከመ ሾክ ስለሚሆን፣ ጎማ ብቻ ቀይሮ መተው አዲሱንም ለዚያው ዕጣ መዳረግ ነው።

ዳገቱ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ጋዝ በተረገጠ ጊዜ የመኪናው ፊት ወደ ጎን የመናጥ ስሜት ካለው፣ ጋዝ ሲለቀቅም ወዲያው ከጠፋ፣ የፊት ጎማዎችን የሚያሽከረክረው ዘንግ የውስጥ መገጣጠሚያ አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። የውጭው መገጣጠሚያ ሲያልቅ ግን የሚታወቀው መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ቀስ ብሎ ሲነዳ በሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» ነው፤ ይህን በዳገት መፈለግ አያስፈልግም፣ ሰፊ ግቢ ይበቃል። ጭነት በያዘ ፒክአፕ ላይ የሚመጣ ጉምጉምታ ደግሞ የረጅሙን ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያዎችና መሐሉን የሚደግፈውን ኩሽኔታ ያስጠረጥራል። የኋላው ሞላ ወይም ባሌስትራ ከፍ እንዲል ከተቀየረ የዘንጉ ማዕዘን ስለሚለወጥ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ አዲስ ሆነው እንኳ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ጋዝ ሲሰጥ የሚያፏጭ፣ በቁልቁለት ላይ ጋዝ ሲለቀቅ ድምፁ የሚለወጥ ከሆነ የጥርስ ድምፅ ነው፤ ከሁሉ በፊት የዲፈረንሻሉ ወይም የካምቢዮው ዘይት ይታይ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው መኪኖች ላይ አንድ የተለየ ነገር ልጥቀስ። በመካከለኛ ፍጥነት፣ ጋዝ በስሱ ተረግጦ ሳለ፣ በተቦረቦረ መስመር ላይ የተነዳ ያህል ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሚቆይ ርግፍግፍታ አለ። ይህ ብዙ ጊዜ ጎማ ተብሎ ይታከማል፤ ነገር ግን በካምቢዮው ውስጥ ያለው መቆለፊያ ሲያዝ የሚንሸራተት መሆኑን ያመለክታል። ርግፍግፍታው ጋዙ ለቅጽበት ሲለቀቅ ከጠፋና ሲመለስ ከመጣ፣ ለዚያ ካምቢዮ በታዘዘው ዘይት መቀየር ብቻ ሊድን ይችላል፤ «አንድ ነው» ተብሎ የሚቀዳ ሌላ ዘይት ግን ያባብሰዋል።

መኪናው ቆሞ ሲንቀጠቀጥ የሚደረገው ፍተሻ አጭር ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን ይዞ ማርሹን ከዜሮ ወደ መንጃው፣ ከመንጃው ወደ ኋላ ማዛወር፤ ከዚያ የማቀዝቀዣውን ኤሲ መክፈትና መዝጋት። ንዝረቱ በመንጃው ብቻ የሚበረታ ከሆነ የሞተር ጎሚኒ ይታይ፤ በሁሉም ላይ ወጣ ገባ እያለ የሚመታ ከሆነ ካንዴላ፣ የእሳት ክፍሎችና የነዳጅ መርጫዎች ይታዩ፤ እዚህ ላይ ስካነሩ በእርግጥ ይጠቅማል። ሦስት ፒስቶን ያለው ሞተር ግን በተፈጥሮው ከአራቱ የበለጠ ይወዛወዛል፤ በቀጥታ ወደ ፒስቶኑ ክፍል ነዳጅ የሚረጩ ሞተሮችም ኮፈኑ ሲከፈት «ቲክ ቲክ» ይላሉ። እነዚህ ብልሽት አይደሉም። የራስን መኪና ከተመሳሳይ ሞዴልና ዓመት መኪና ጋር ጎን ለጎን አቁሞ ማነጻጸር ማንኛውም መሣሪያ የማይተካው ፍርድ ይሰጣል።

የኤሌክትሪክ መኪኖች የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በደሴና በኮምቦልቻ መንገዶችም የሚታዩት እነዚህ መኪኖች፣ ሌላውን የሚሸፍን የሞተር ድምፅ ስለሌላቸው የጎማው፣ የነፋሱና የጥርሱ ድምፅ ሁሉ ጎልቶ ይሰማል። ቀስ ብሎ ሲነዳ የሚሰማው ዜማ መሰል ድምፅ አንዳንድ ባለቤቶችን ያስደነግጣል፤ ብዙዎቹ ግን እግረኛ መኪናው መምጣቱን እንዲያውቅ ሆን ተብሎ የተገጠመ ድምፅ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተሽከርካሪ ደንብ ይህንን እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስና ወደ ኋላ ሲኬድ ያዝዛል። አዲሱ መኪና ወደ ገዢው አገር ለመጓጓዝ ሲጫን ጎማው ከመጠን በላይ ይነፋል፤ በአንዳንዶቹም በሞላው መካከል መደገፊያ ይገባል። ከመሸጡ በፊት መውጣት ያለበት ያ መደገፊያ ሳይወጣ ከቀረ ወይም አየሩ ካልተስተካከለ መኪናው እንደ ጋሪ ይነጥራል። ለወራት ቆሞ የነበረ ጎማም የተኛበት ቦታ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ አያሳስብም፣ ካልጠፋ ጎማው ይቀየራል።

ቁልቁለቱን በተመለከተ ለኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ሲወርድ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያስለቅቃል፤ ሞተሩ ከዚህ የሚበዛውን ወደ ባትሪው መልሶ በማስገባት መኪናውን ያዘገያል። ባትሪው ደሴ ላይ እስከ አፉ ከተሞላ ግን የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፤ በሌላ ቀን እምብዛም የማይሠራው፣ ምናልባትም ዝገት የያዘው ዲስክ ድንገት ይግላል፣ ይጮኻልም። ከደሴ ሲነሡ ባትሪው ከ85 ወይም ከ90 በመቶ ባይበልጥ ይሻላል።

የሚንኳኳውንና የሚንቀረቀበውን ነገር በተመለከተ ብዙ አልልም። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለው ስስ ሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ቡሎኑ ሲላላ በአንድ የሞተር ዙር ላይ ብቻ ይንጫረራል፤ በዲስኩና በኋላው ሽፋን መካከል የገባች ጠጠር አስፈሪ የብረት ፍጭት ድምፅ ታሰማለች፤ ከጠጠር መንገድ መልስ ድንገት የጀመረ ጩኸት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በደሴ ፒያሳ ኮብልስቶን ላይ ቀስ ተብሎ ሲነዳ «ጓ ጓ» የሚለው ደግሞ የማረጋጊያ ዘንጉ ማያያዣ ወይም ቦኮላ (በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ማለዘቢያ) ነው።

ዛሬ በሁሉም ኪስ ያለው ስልክ ንዝረት የሚለካ ሴንሰር አለው፤ የምቱን ብዛት በሰከንድ የሚያሳዩ ነፃ መተግበሪያዎችም አሉ። ስልኩን በወንበሩ ሥር ወለል ላይ በፕላስተር አጣብቆ፣ ከጎን የተቀመጠ ሰው እንዲያነብ ማድረግ ነው፤ አሽከርካሪው እየነዳ ማየት የለበትም። በ72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 10 ላይ ጫፍ ካሳየ ጎማ ነው፤ 40 አካባቢ ካሳየ በፒክአፕ ላይ ረጅሙ ዘንግ ወይም ሞተሩ ሊሆን ይችላልና፣ ማርሽ ቀይሮ የተነሣው ጫፍ ከተንቀሳቀሰ ሞተሩ፣ ካልተንቀሳቀሰ ዘንጉ ነው።

እነዚህን ሙከራዎች ለማድረግ እንኳ መነዳት የሌለበት መኪና አለ። ንዝረቱ በየቀኑ ሳይሆን በየኪሎ ሜትሩ የሚብስ ከሆነ፣ ጎማ ከተቀየረ በኋላ የጀመረ መንገዋለል ካለ፣ የጎማው ጎን ካበጠ፣ ወይም መሪው ከተላላ፣ መኪናው እዚያው ይቁም፤ በምንም ምክንያት ወደ ቁልቁለቱ አይወሰድ።

ወደ ጋራዥ ሲኬድ የሚቀርበው ቃል «ይንቀጠቀጣል» ብቻ መሆን የለበትም። «ከ85 እስከ 100 ባለው ፍጥነት መሪው ላይ ይሰማል፤ ማርሽ ሲቀየር አይለወጥም፤ ፍሬን ሲያዝ አይብስም፤ ጎማ ከተቀየረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀመረ» የሚል አንድ ወረቀት መካኒኩን ከብዙ ሰዓት ፍለጋ ያድነዋል፤ ዋስትናው ላላለቀ መኪናም በጽሑፍ የቀረበና ቀኑ የተመዘገበ ማስረጃ ይሆናል። ከተቻለ መካኒኩን ይዞ አብሮ መንዳት፤ ከጥገናው በኋላም ያንኑ መንገድ፣ በያው ፍጥነትና በያው ጭነት ደግሞ መውረድና መውጣት ነው። ንዝረቱ በፊት በታየበት ቦታ ካለ፣ የተቀየረው ዕቃ ምንጩ አልነበረም፤ አሮጌው ዕቃ ከተጣለ በኋላ ይህንን ማወቅ ስለማይጠቅም፣ ዕቃው ተመልሶ እንዲሰጥ ገና ከመጀመሪያው መነጋገር ያስፈልጋል።